ሊንክ ላይ ኪወርድ፦ በአማርኛ ፊደል፣ በላቲን፣ በእንግሊዝኛ ወይስ ዝም ብሎ ቁጥር? የቱ ይሻላል

የአክስቴ ልጅ ባልትና ትሸጣለች፣ በርበሬ ሽሮ ቅቤ ኮረሪማ ምናምን፣ ግማሹ ደንበኛዋ አዲስ አበባ ነው ግማሹ ውጪ ሀገር። ባለፈው ዌብሳይቷን ስናስተካክል በጣም ቀላል ሚመስል ነገር ላይ ሶስት ሰው ሶስት ምክር ሰጠን። ሳይቱን የሚሰራልን ልጅ «ሊንኩ ላይ በርበሬ ሚለው ቃል በአማርኛ ፊደል ካልገባ ጎግል ላይ አትወጡም» አለ። አንድ ጓደኛችን ደግሞ «ኧረ በእንግሊዝኛ አድርጉት፣ አማርኛው ሲላክ ይበላሻል» አለ። እሷ ራሷ (ያኔ ሊንኮቿ ቁጥር ብቻ ነበሩ) «ቁጥሩ ምን አደረጋችሁ? ሰው እየገዛኝ አይደል እንዴ» አለች። ሶስቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው፣ ሶስቱም ትንሽ ትንሽ ተሳስተዋል፣ እኔም ይሄን ለመለየት ስንት ማታ ተቀምጬ ስለፈተሽኩት ለሌላው ሰው ድካም ይቀንስ ብዬ ነው ምጽፈው።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ነገር ያለው ምክር አብዛኛው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተጻፈ ነው። የሱ ጥያቄ «ቃል ላድርግ ወይስ ቁጥር» ብቻ ነው፣ እኛ ግን ቃል ካልን በኋላ በየትኛው ፊደል ሚል ሌላ ጣጣ ይመጣብናል፣ ስለዚህ ያንን ምክር እንዳለ ስንገለብጠው ግማሹ አይሰራልንም።

ስለምኑ እንደማወራ ግልጽ ይሁን። ዌብሳይት አድራሻ ላይ መጀመሪያ ዶሜኑ (የሳይቱ ስም ከነዶት ኮሙ) አለ፣ ከዛ ስላሽ (/) ይመጣል፣ ከስላሹ በኋላ ያለው ነው ለየገጹ ሚለያየው። ባለሙያዎቹ ያንን ክፍል ስለግ ይሉታል። ዋናው ንጽጽር ስለ እሱ ነው፣ ስለ ዶሜኑ ወደ ታች ላይ ትንሽ እላለሁ።

መጀመሪያ ጎግል ራሱ ምን ይላል

ብዙ ሰው ብር ሚበላው እዚህ ጋር ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። ጎግል ለጀማሪዎች ብሎ ባወጣው የኤስኢኦ (ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ የመውጣት ስራ) መመሪያ ላይ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፣ ዶሜን ስም ውስጥም ሆነ ከስላሹ በኋላ ያሉ ኪወርዶች (ሰው ሲፈልግ ሚጽፋቸው ቃላት) ብቻቸውን ደረጃ ላይ ሚያመጡት ለውጥ ከምንም አይቆጠርም፣ ሪዛልቱ ላይ ከርዕሱ አጠገብ እንደ መንገድ ጠቋሚ ከመታየት በቀር። ያቺም መታየት ብትሆን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2025 ላይ ጎግል በስልክ ለሚፈልግ ሰው መንገድ ጠቋሚዋን አንስቶ ዶሜኑን ብቻ እንደሚያሳይ አስታውቋል፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የቀረችው። እኛ ሀገር ደግሞ አብዛኛው ሰው በስልክ ነው ሚገባው፣ ስለዚህ ያ ተጨንቃችሁ የመረጣችሁት ቃል ፍለጋው ገጽ ላይ ለአብዛኛው ደንበኛችሁ አይታይም ማለት ነው።

የጎግሉ ጆን ሙለርም ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠይቋል፣ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፣ በጣም በጣም ትንሽ ነገር ነች፣ ለሷ ብላችሁ የሚሰራ ሳይት አታፍርሱ ነው ሚለው። «ታዲያ ድሮ ይሰራ ነበር እኮ» ምትሉ ልክ ናችሁ፣ ድሮ ሰው ዶሜኑን ራሱን ኪወርድ አድርጎ ገዝቶ ባዶ ገጽ ይዞ አንደኛ ይወጣ ነበር። በ2012 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ያኔ ጎግል ይሰራ የነበረው ማት ከትስ ጥራት የሌላቸውን እንዲህ አይነት ዶሜኖች ሚያወርድ ለውጥ አስታወቀና የዛ ጨዋታ ነገር በዛው ቀረ። እዚህ አሁንም «ኪወርድ ዶሜን ልሽጥልህ» ሚል ሰው አይቻለሁ፣ ከአስር አመት በላይ ያለፈበት ዕቃ ነው።

ሌላ ማስረጃ ካስፈለገ ስልካችሁን አውጡና ዝም ብላችሁ ዜና ፈልጉ። ቢቢሲ አማርኛ ሊንኩ ላይ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ኮድ ነው ያለው፣ አንድም ቃል የለውም፣ ግን ይወጣል። አማርኛ ዊኪፒዲያ በተቃራኒው ርዕሱን እንዳለ በአማርኛ ፊደል ነው ሚያስቀምጠው፣ እንደውም ቃላቱን ሚለየው በታች ሰረዝ (_) ነው፣ ጎግል ሚመክረው ደግሞ መሃል ሰረዝ (-) ነው፣ ግን እሱም ይወጣል። ሁለቱን ሚያወጣቸው ይዘታቸውና ስማቸው ነው እንጂ ሊንኩ አይደለም።

እና ለምን እንጨነቃለን? ሊንክ ጎግል ብቻ አይደለም ሚያነበው። ሰው ኮፒ ያደርገዋል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፣ በኤስኤምኤስ ይላካል፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ይታተማል፣ በስልክ ይነገራል። ሚሰበረውም እዛ ነው።

በምን እንመዝን

እኔ የያዝኩት አምስት ነገር ነው፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። አንደኛ ፍለጋ ላይ ሚሰጠው ጥቅም፣ አሁን እንዳየነው ትንሽ ነው። ሁለተኛ ሰው ሳይከፍተው ሊንኩን አይቶ ስለምን እንደሆነ ይገባዋል ወይ። ሶስተኛ ሲላክና ሲታተም ሳይበላሽ ይደርሳል ወይ፣ ይሄ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። አራተኛ ርዕስ ሲቀየር፣ ሳይት ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ሲዛወር ይቆያል ወይ። አምስተኛ በየገጹ ስንት ደቂቃ ሚያባክን ስራ አለው፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቁጥር ወይም ኮድ

ሲስተሙ ራሱ ይሰጠዋል፣ እናንተ ምንም አትነኩም። አጭር ነው፣ በኤስኤምኤስ ይሄዳል፣ ርዕሱን መቶ ጊዜ ብትቀይሩት ሊንኩ አይቀየርም። ድክመቱ ሰው ሲያየው ስለምን እንደሆነ አያውቅም፣ እንዲሁ ኮድ ብቻ ሲደርሰው ደግሞ «ቫይረስ ነው ወይ» ብሎ ሳይከፍት ሚያልፍ አለ፣ ሃክ ተደርጎ ቴሌግራሙ የተወሰደበት ሰው በበዛበት ዘመን አይፈረድበትም። ጎግልም ቢሆን ከረጅም የመለያ ቁጥር ይልቅ ሚነበብ ቃል ይሻላል ብሎ ይመክራል፣ ግን መከረ እንጂ አልቀጣም።

እዚህ ጋር ብሎገር (የጎግል ነጻ ብሎግ መስሪያ) ላይ ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ብሎገር የአማርኛ ርዕስ ሲገባለት ከሱ ሊንክ ማውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ሁሉንም «ብሎግ ፖስት» ብሎ ከኋላው ቁጥር ይደረድርበታል። ድሮ የነበሩ የአማርኛ ብሎጎችን ሊንክ ካያችሁ ሁሉም አንድ አይነት ናቸው። ፐርማሊንክ (የፖስቱ ቋሚ ሊንክ) ሚለው ቦታ ገብታችሁ በእጃችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ግን እሱም ላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና ነጥብ ብቻ ነው ሚቀበለው፣ ደግሞ ፖስቱን ከመልቀቃችሁ በፊት ነው ማድረግ ያለባችሁ። ስለዚህ ብሎገር ላይ ያላችሁ ሰዎች ቀጣዩን የአማርኛ ፊደል ክፍል ዝለሉት፣ አይመለከታችሁም።

በአማርኛ ፊደል

ይሄ ነው ብዙ ማውራት ሚያስፈልገው።

ጥቅሙ ሚታወቅ ነው፣ ደስ ይላል። ክሮም ላይ ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ በራሳችሁ ፊደል «በርበሬ» ብሎ ሲታይ የራስ ነገር የሆነ ስሜት አለው፣ ጎግልም በአንባቢያችሁ ቋንቋ መጻፍን ይደግፋል፣ አይቃወምም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ሚባል ጣጣም የለብንም፣ ላቲን ላይ አንዷ ፊደል ትልቅ ሆና ስትጻፍ ሌላ ገጽ ሚሆንበት ሰርቨር አለ።

ችግሩ ከሳጥኑ ሲወጣ ነው። ኢንተርኔት አድራሻን ሚያጓጉዘው በላቲን ፊደልና በቁጥር ስለሆነ እያንዳንዷ የአማርኛ ፊደል ወደ ሶስት ኮድ ትቀየራለች፣ እያንዳንዱ ኮድ ደግሞ ከነፐርሰንት ምልክቱ ሶስት ካራክተር ነው። ማለትም አንድ ፊደል 9 ካራክተር። «በ» ብቻዋን ፐርሰንት ኢ1፣ ፐርሰንት 89፣ ፐርሰንት ኤ0 ትሆናለች። «በርበሬ» አራት ፊደል ናት፣ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፏት 36 ካራክተር ትሆናለች። ያ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ምታዩት ሶስት መስመር ሙሉ ፐርሰንት ፐርሰንት ሚል ሊንክ እሱ ነው፣ ቫይረስ አይደለም የአንድ ሰው ርዕስ ነው።

አሁን ኤስኤምኤስ ላይ እናስላው፣ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ለደንበኞቿ በኤስኤምኤስ ነው ምታሳውቀው። የአማርኛ ፊደል ያለበት ኤስኤምኤስ አንዱ 70 ካራክተር ነው ሚይዘው፣ ከሱ ካለፈ ይከፋፈላል፣ ሲከፋፈል ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። ዶሜኑ ከነመግቢያው 25 ካራክተር ነው እንበል፣ መልእክቱ ደግሞ ከነክፍተቱ 30። ስለጉ ሶስት ቃል 15 ፊደል ያለው አማርኛ ከሆነ ወደ ፐርሰንት ሲቀየር 137 ይሆናል፣ ሲደመር 192፣ ሶስት ኤስኤምኤስ። አሳጥራችሁ በላቲን ከነሰረዙ 12 ካራክተር ብታደርጉት ድምሩ 67፣ አንድ ኤስኤምኤስ። በጅምላ ምትልኩ ከሆነ ያው ሂሳቡ ሶስት እጥፍ ነው፣ ለአንድ ሊንክ።

ወርድፕሬስ (ብዙ ሰው ሳይት ሚሰራበት ሲስተም) ሚጠቀም ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው ብዙ የቆየሁት። ወርድፕሬስ ለስለግ ሚሰጠው ቦታ 200 ካራክተር ነው። ለእንግሊዝኛ ሰፊ ነው፣ ለኛ ግን 200ን ለ9 ስታካፍሉት 22 ፊደል ነው፣ ሰረዞቹን ስትጨምሩ እሱም ይቀንሳል። «የማረቆ በርበሬ ዋጋ በአዲስ አበባ ገበያ ላይ ዛሬ» ብላችሁ ርዕስ ስጡት፣ ሊንኩ «የማረቆ-በርበሬ-ዋጋ-በአዲስ-አበባ-ገበያ-ላ» ላይ ይቆረጣል። «ላይ» ሚለውን እንኳን አይጨርስም። ርዕሳችሁ መሃል አራት ነጥብ ካስገባችሁ ደግሞ እሷንም እንደ ፊደል ቆጥሮ ይይዛታል፣ ሌላ 9 ካራክተር ሄደ። ርዕሱን ጽፋችሁ ዝም ካላችሁ እንዲህ ነው ሚሆነው፣ ስለጉን በእጃችሁ ካሳጠራችሁት ግን ችግሩ የለም።

ደግሞ የሞክሼ ፊደላት ነገር አለ። ሰርግ በእሳቱ ሰ ነው በንጉሱ ሠ? ህክምና በሃሌታው ነው በሐመሩ? ለኛ አንድ ድምጽ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያየ ፊደል ነው፣ ስለዚህ ሊንኩ በአንዱ ተመዝግቦ ሰው በሌላው ቢጽፈው ገጹ አልተገኘም ይለዋል። በርበሬ ዕድለኛ ነው አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው፣ ዓሣ ምትሸጡ ሰዎች ግን እግዜር ይርዳችሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ «ኪወርዱ ልክ ሰው እንደሚፈልገው ይሁን» ሚለው ምክር አማርኛ ላይ ብዙም አይሰራም። የኛ ቃል ብቻውን አይቆምም፣ ቤት፣ የቤት፣ ለቤት፣ ቤቶች፣ ከቤቱ እያለ ይሄዳል። እና ስለግ ላይ በአማርኛ ምትጽፉ ከሆነ ከፊት ያለውን «የ» «በ» «ለ» አውጥታችሁ ስሙን ብቻ አስቀምጡ። ያሳጥራል፣ ለማንበብም ይቀላል፣ ምንም አታጡም።

በነገራችን ላይ ዶይቸ ቬለ አማርኛ ርዕሱን በአማርኛ ፊደል አድርጎ ከኋላው ቁጥር ይጨምርበታል። እንደሱ ትልቅ ድርጅት ከሆናችሁና ሲስተሙን ሚጠብቅ ባለሙያ ካላችሁ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፣ ሊንኩ ሲላክ መርዘሙ ግን ያው ነው።

ሊንካቸው አሁንም በአማርኛ ፊደል ለሆነና ወርድፕሬስ ለሚጠቀሙ ሰዎች ግን አንድ የምስራች አለ። ወርድፕሬስ ለእያንዳንዱ ፖስት ቁጥር አለው፣ ከዶሜኑ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት፣ ፒ ፊደል፣ እኩል ይሆናል ምልክትና የፖስቱን ቁጥር ብትጽፉ ራሱ ወደ ረጅሙ ሊንክ ይወስዳል። ለኤስኤምኤስ እሱን ላኩ። ምንም ፕላጊን አያስፈልገውም፣ ሊንክ አሳጣሪ ሳይትም አያስፈልግም።

አማርኛውን በላቲን ፊደል

ይሄ እኛ ቻት ላይ ምንጽፈው አይነት ነው። ማንም ተምሮት አያውቅም ሁሉም ይችለዋል። የቴሌግራም ቻናል ዩዘርኔም ራሱ ላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ታች ሰረዝ ብቻ ስለሚቀበል ሰው ለምዶታል፣ በስልክ ስትነግሩትም ይጽፈዋል። አጭር ነው፣ አይቆረጥም፣ የትም ቦታ ስትለጥፉት ያው ራሱ ነው። ጎግልም መመሪያው ላይ እንደሁኔታው እንዲህ በሌላ ፊደል የተጻፈ ቃል መጠቀም እንደሚቻል ይጠቅሳል።

እንከኑ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለንም። ቅቤን ጻፉልኝ እስቲ። በኬ ነው በኪው? መሃሉ ላይ አይ ይገባል ወይስ ኢ? ቢው አንድ ነው ሁለት? የአክስቴ ልጅ፣ እኔና ሳይቱን የሚሰራልን ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሶስት አይነት ጻፍነው። እንጀራን አንዱ በአይ ይጀምራል ሌላው በኢ፣ አዲስ አበባ ራሷ ሁለት አይነት ትጻፋለች። ስለዚህ መፍትሄው አንድ ወረቀት ላይ ሳይታችሁ ሚጠቀመውን አጻጻፍ ጽፎ ማስቀመጥና ከሱ አለመውጣት ነው፣ ካልሆነ ከስድስት ወር በኋላ ግማሹ ቅቤ በኬ ግማሹ በኪው ይሆናል።

ግን ደግሞ እንደ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ እንጀራ ያሉ ቃላት አሉ፣ እነዚህ ውጪ ሀገርም በራሳቸው ስም ነው ሚታወቁት፣ ማለትም በላቲን ስትጽፏቸው አማርኛም እንግሊዝኛም ሆኑ ማለት ነው። ዲሲ ያለው ልጅ፣ እንግሊዝኛ ብቻ ሚችለው የሱ ልጅና አሜሪካዊ ጎረቤቱ ሶስቱም አንድ ቃል ይጽፋሉ። ምግብ ምትሸጡ ከሆነ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፣ ዝም ብላችሁ ውሰዱት።

እንግሊዝኛ

ገዢያችሁ አማርኛ ማያነብ ከሆነ ያለጥያቄ ይሄን ያዙ። አስጎብኚ ድርጅት፣ ቡና ላኪ፣ ኤንጂኦ፣ ውጪ ያለ ምግብ ቤት። አጻጻፉ አያከራክርም፣ ሲላክ አይሰበርም።

ገጹ አማርኛ ሆኖ ሊንኩ እንግሊዝኛ ቢሆን ችግር አለው? ጎግል በዚህ አይቀጣም። ግን አንዳንዱ ቃል ሲተረጎም ያስቃል፣ እቁብን በእንግሊዝኛ አስረዱ ብትባሉ ሁለት መስመር ነው፣ እድርም እንደዛው። እንደዚህ አይነቱን ላቲን አድርጋችሁ ተዉት። ዋናው ድክመት ግን የእንግሊዝኛችሁ ስፔሊንግ ነው፣ አንዴ ተሳስታችሁ ከለቀቃችሁት ሁሌም እዛው ተሰቅሎ ይኖራል፣ አንድ የሰርግ አዳራሽ ሳይት ላይ ሰርግ ሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ፊደል ጎድሎት በየገጹ ሲደጋገም አይቻለሁ።

በአጭሩ ሲታይ

| | ቁጥር/ኮድ | በአማርኛ ፊደል | አማርኛ በላቲን | እንግሊዝኛ |
|---|---|---|---|---|
| ጎግል ደረጃ ላይ ሚጨምረው | ምንም | ከምንም ማይሻል | ከምንም ማይሻል | ከምንም ማይሻል |
| አይቶ መረዳት | አይቻልም | ብሮውዘር ውስጥ በጣም ጥሩ፣ ሲለጠፍ አይነበብም | ጥሩ | ለሚችለው ሰው ጥሩ |
| ሲላክ፣ ሲታተም | በጣም ጥሩ | ደካማ (1 ፊደል = 9 ካራክተር) | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ርዕስ ሲቀየር | አይነካውም | ከርዕሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል | ከርዕሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል | ከርዕሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል |
| አጻጻፍ ላይ ጭቅጭቅ | የለም | ሞክሼ ፊደላት | ብዙ | ትንሽ |
| ስራው | ዜሮ | በእጅ ማሳጠር | በእጅ መጻፍ | በእጅ መጻፍ |
| ብሎገር ላይ | ይሰራል | አይሰራም | ይሰራል | ይሰራል |

ስለ ዶሜኑ ትንሽ

ኪወርድ ያለው ዶሜን ወይስ የራስ ስም? የራስ ስም። ከ2012 ጀምሮ ያለውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፣ ከዛ በላይ ግን «ርካሽ በርበሬ» ብላችሁ ዶሜን ገዝታችሁ ነገ ማር መሸጥ ስትጀምሩ ምን ልታደርጉ ነው። ስማችሁ አጭርና በስልክ ሲነገር ሚያዝ ይሁን በቃ።

ዶሜኑን ራሱን በአማርኛ ፊደል ማድረግ ሚፈልግ ሰው አይቻለሁ፣ እሱ ወደ ፐርሰንት ሳይሆን በኤክስ ኤን እና በሁለት ሰረዝ ወደሚጀምር ሌላ ኮድ ነው ሚቀየረው፣ ኢሜይል አድራሻ ላይ ሲመጣ የሰው ስም አይመስልም። ለጌጥ ካልሆነ አልመክርም።

ዶት ኮም ወይስ ዶት ኢቲ? ዶት ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው ሚመዘገበው፣ ለጎግልም ይሄ ሳይት ለኢትዮጵያ ነው ሚል ምልክት ይሰጣል፣ ጎግል ራሱ ግን ይቺም ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ናት ይላል። ደንበኛችሁ ሁሉ ሀገር ውስጥ ከሆነና ህጋዊ ድርጅት መሆናችሁ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ዶት ኢቲ ጥሩ ነው። ውጪም ምትሸጡ ከሆነ ዶት ኮም፣ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በውጪ ካርድ ስለሆነ አብዛኞቻችን ዘመድ እናስከፍላለን፣ እና እባካችሁ ዶሜኑ የተመዘገበበት ኢሜይል የማን እንደሆነ ዛሬውኑ አረጋግጡ። ዘመድ ኢሜይሉን ቀይሮ፣ የማደሻው ማስታወቂያ ለማንም ሳይደርስ ቀርቶ ዶሜን የተወሰደበት ሰው አውቃለሁ፣ ያኔ የስለግ ፊደል ምኑም አይደለም።

እንደየሁኔታችሁ

ብቻችሁን ምትሰሩ፣ ባጀት የሌላችሁ፣ ብሎገር ወይ ወርድፕሬስ ላይ ያላችሁ ከሆናችሁ አማርኛውን በላቲን፣ ሁለት ወይ ሶስት ቃል ብቻ። ሰዓታችሁን ርዕሱ ላይ አጥፉት፣ ርዕሱና የመጀመሪያው አንቀጽ በአማርኛ ፊደል ሰው ሚፈልገውን ቃል በትክክል ይያዝ፣ ጎግል ሚያነበው እሱን ነው።

ሀገር ውስጥም ውጪም ምትሸጡ ከሆነ ቃሉ በራሱ ስም ሚታወቅ ሲሆን ላቲን፣ ካልሆነ እንግሊዝኛ። ሁለት ቋንቋ ገጽ ካላችሁ ለአማርኛው ገጽ ላቲን፣ ለእንግሊዝኛው እንግሊዝኛ አድርጋችሁ ለዩት።

በቀን ብዙ ዜና ምትለቁ ከሆነ ቁጥር ይበቃችኋል፣ ኤዲተሩ ለየዜናው ስለግ ሲያስብ ዜናው ይቀዘቅዛል።

የማህበር፣ የቤተክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የቋንቋና የታሪክ ሳይት ከሆነና አንባቢው ከፌስቡክ ሳይሆን ቀጥታ ገብቶ ሚያነብ ከሆነ የአማርኛ ፊደል ያምራል፣ አልቃወምም፣ ከሶስት ቃል አትለፉ ብቻ።

ለሁሉም ሚሆን አንድ ነገር፣ ስለግ ላይ ዓመተ ምህረት አታስገቡ። የበርበሬ ዋጋ 2017 ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል፣ ውጪ ያለው ሰው በፈረንጅ አስቦት ስንት አመት ያለፈበት ነው ብሎ ያልፈዋል፣ እዚህ ያለውም መስከረም ሲጠባ አሮጌ ይሆንበታል። ሊንኩ ያለ ዓመት ይሁን፣ ዓመቱን ርዕሱ ላይ አድርጉና በየዓመቱ ርዕሱን ብቻ ቀይሩ። ደግሞ አንዱን ቃል ሶስቴ እየደጋገማችሁ አትጻፉ፣ በርበሬ ምርጥ በርበሬ ርካሽ በርበሬ አይነቱን፣ ጎግልን አታሸንፉበትም ሰው ግን ይሸሻችኋል።

አሮጌ ሊንክ ያላችሁ

አትንኩት። ከምር። ቁጥር ከሆነም ቁጥር ይቆይ፣ አዲሱን ገጽ ብቻ በአዲሱ መንገድ ጀምሩ።

ይሄን ምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ከባልትናው በፊት ሌላ ሳይት ላይ፣ ሰው በራሱ የሰራው ሲስተም ነበር ወርድፕሬስ አይደለም፣ «ኪወርድ ይግባበት» ብለን በአንድ ማታ መቶ ምናምን ገጽ ከቁጥር ወደ አማርኛ ፊደል ቀየርን። ሪዳይሬክት ሚባለውን አላደረግንም፣ ማለትም አሮጌውን ሊንክ ሚነካ ሰው ወደ አዲሱ እንዲሄድ አላዘዝነውም። ጠዋት ቴሌግራም ላይ ፒን ያደረግናቸው፣ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ሼር ያደረጓቸው፣ ጎግል ያወቃቸው ሁሉ «ገጹ አልተገኘም»። ለመመለስ ሳምንታት ፈጀብን፣ እሱም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

መቀየር ግድ ከሆነባችሁ፣ ለምሳሌ ሲስተም እየቀየራችሁ ከሆነ፣ የአሮጌና የአዲስ ሊንክ ዝርዝር በኤክሴል አውጡ፣ እያንዳንዱን 301 ሪዳይሬክት (ቋሚው አይነት) አድርጉ፣ ሪዳይሬክቱን ቢያንስ አንድ ዓመት አቆዩት፣ ጎግል ሚመክረው እንደዛ ነው፣ ሁሌም ብትተዉት ደግሞ የተሻለ ነው። ወርድፕሬስ ላይ የአንድን ፖስት ስለግ ብቻ ከቀየራችሁ አሮጌውን ራሱ ያስታውሰዋል፣ የፐርማሊንክ አሰራሩን በሙሉ ስትቀይሩ ግን በሱ አትተማመኑ፣ በስልካችሁ አስር ሊንክ ነክታችሁ ሞክሩ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ እያለች ሁሉንም አዳዲስ ገጽ በላቲን አንድ አንድ ቃል አደረገችው፣ አሮጌዎቹን ቁጥሮች እንዳሉ ተወቻቸው። ቅቤ ላይ ብቻ ገና አልተስማማንም፣ እሷ በኪው ነው ትላለች።